ጥቁር ነጥብ

ሰው አገር ሊያስተዳድር፥ ሠራዊትም ሊያዝ ይችላል፤ ምላሱንና ቁጣውን ማዘዝ ካልቻለ ግን ገና የራሱ ጌታ አልሆነም። ራስን መግዛት ደግሞ በአንድ ቀን ቁርጥ ሐሳብ የሚገኝ አይደለም፤ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ለማስረዳት፥ ወጣቶች ሆይ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ታሪኩን ያነበብሁትን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

ይህ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙናና ሻማ እየሠራ የሚኖር፥ የ17 ልጆች አባት ነበረ። ቤንጃሚን በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ተወ፤ በ12 ዓመቱም ሙያ ሊማር ወደ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ገባ። ለምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ እኩሌታውን እየቈጠበ መጽሐፍ ይገዛ ነበር። በ1723 ዓ.ም. ወደ ፊላደልፊያ ኰብልሎ በዚያ የታወቀ አታሚ፥ በኋላም የሳይንስ ተመራማሪ ሆነ። በ1776 ዓ.ም. የአገሩን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙትም አንዱ እርሱ ነው።

ፍራንክሊን ገና ጐልማሳ ሳለ ጠባዩን ለማረም ቈርጦ ተነሣ። በመብልና በመጠጥ ልክ ማወቅን፥ ዝምታን፥ ሥርዓትን፥ ቁጠባን፥ ትጋትን፥ ፍትሕንና የመሳሰሉትን 12 በጎ ጠባዮች ጻፈ። አንድ ወዳጁ ግን ሰዎች ትዕቢተኛ እንደሚሉትና በክርክርም ሰውን እንደሚጫን በቅንነት ነገረው። ፍራንክሊንም ወዳጁን ሰምቶ ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ በትንሽ ደብተር ላይ ለሳምንቱ ቀኖች 7 ዓምድ፥ ለጠባዮቹም 13 መስመር አሰመረ። ማታ ማታ ውሎውን እየመረመረ፥ ባጠፋበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማሸነፍ አልሞከረም፤ አትክልተኛ መደብ በመደብ እንደሚያርም፥ እርሱም በየሳምንቱ በአንዱ ጠባይ ላይ ይበረታ ነበር። በ13 ሳምንት ይፈጽምና እንደገና ይጀምራል፤ በዓመት 4 ጊዜ ይሆናል ማለት ነው።

ነጥቡ ግን ቶሎ አልጠፋም። አሮጌውን ነጥብ እየፋቀ አዲስ ሲያኖር ወረቀቱ ተበሳሳበት። ይልቁንም ሥርዓት አስቸገረው፤ ዕቃንና ወረቀትን በየቦታው ማኖር እስከ እርጅናው አልሆነለትም። ሆኖም በሽምግልናው ሲጽፍ፥ ፍጹም ባይሆንም በመጣሩ የተሻለና ደስተኛ ሰው እንደ ሆነ መስክሯል።

እኔም ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት እንደ እርሱ ደብተር አሰመርሁ። ጠላቴ ቁጣ ነበረ። በባልደረቦቼ ላይ በተቈጣሁ ቍጥር ነጥብ አኖራለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ገጹ ነጣ፥ እኔም ኰራሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ አርፍዶ ቢመጣ፥ ምክንያቱን ሳልጠይቅ በአርጩሜ ገረፍሁት። ወደ ማታ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፥ ሽማግሌ ሰው፥ ጠጋ ብለው፥ «መምህር፥ ያ ልጅ እኮ የታመመች እናቱን ከጎረቤት ጋር ተሸክሞ ሐኪም ቤት አድርሶ ነው የመጣው። ለባልደረቦችዎ የሚታገሡትን ያህል ለእርሱ ቢታገሡት ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ወደ ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ብገልጥ፥ የቀኑ ቦታ ነጭ ነበረ። ተማሪ መግረፍ የመምህር መብት እንጂ ቁጣ መስሎ አልታየኝም ነበርና። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ቤታቸው ድረስ ብሄድ እናቱን ይዞ ወደ ዘመዶቻቸው አገር ሄዷል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። የዚያን ቀን ነጥብ በእጄ አኖርሁት፤ እስከ ዛሬም አልፋቅሁትም።

ከዚህ በኋላ የፍራንክሊንን ታሪክ በሌላ ዓይን አነበብሁት። ከ13ቱ ጠባዮች አንዱ ፍትሕ ነበረ፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በቤቱ ባሮች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። በዙሪያው ብዙ ሰው ነውር ብሎ ያልቈጠረውን በደል ደብተሩ አላስቆመውም። በሽምግልናው ግን ሐሳቡን ለውጦ፥ በ1787 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ባርነትን ለማስቀረት የቆመው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሞተበት በ1790 ዓ.ም.ም ባርነት እንዲቀር ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ። መልካም አደረገ፤ በቤቱ ላገለገሉት ባሮች ግን ዘግይቶባቸዋል።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ አስምሩ። ማርፈድ ቢሆን፥ ውሸት ቢሆን፥ ያላችሁን ማባከን ቢሆን፥ አንድ ጥፋት ብቻ መርጣችሁ ሳምንቱን ሙሉ ተከታተሉት። ነጥቡ ቢበዛ ተስፋ አትቍረጡ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና። ገጹ በነጣ ጊዜ ግን ከመኵራታችሁ በፊት፥ እውነቱን ሊነግራችሁ ወደሚደፍር ሰው ሂዱና «ያላየሁት ጥፋት አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ ያ ልጅ ትምህርቱን በእኔ እጅ ይፈጽም ነበር ይሆናል።