ከላይ ያለ ሰው አደራ፦ ከአቃቂ እስከ አፋር



ውድ አድማጮቻችን፣ እኛ በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች ስለ ወንዛችን ስናወራ ብሶታችን አንድ ነው፤ ከላይ ያሉት አበላሹብን እንላለን። እውነትም ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ወገኖቻችንም ማሳቸውን የሚያጠጡት በዚሁ ውኃ ነው። ነገር ግን ውኃው እኛ ዘንድ አይቆምም። በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል። ዛሬ እስቲ አዋሽን ተከትለን እንውረድ። ዘመኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የታችኛው አገር በረሃ ነው። የአፋር አርብቶ አደሮች ዝናብ ሲጥል ከወንዙ ርቀው ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ፤ በደረቁ ወራት ደግሞ ጎርፉ ያራሰውን ሣር ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳሉ። የወንዙ ዳር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቃቸው ነበር።

በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1960 የቆቃ ግድብ ጎርፉን ገታ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያም የሸንኮራ አገዳና የጥጥ እርሻዎች በወንዙ ዳር ተስፋፉ፤ በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበረው። አገሪቱ ስኳር፣ ጥጥና መብራት አገኘች፤ ይህን አንክድም። አፋሮችም ቢሆኑ እርሻን አልጠሉም። በአውሳ ሱልጣን አሊ ሚራህ ራሳቸው ጥጥ ያስለሙ ነበር። ነገር ግን የአርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሽ ታረሰ። ከ1972 እስከ 1974 ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚመለስበት ዳርቻ ጠበበ፤ በረሃቡ እጅግ ከተጎዱት መካከልም አፋሮች ነበሩ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በመዲና ዙበይርና አንድ የአንሷር ሰው ከሐራ በሚወርድ የመስኖ ቦይ ተጣልተው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው ነበር። የዙበይር ማሳ ከላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር ማሳውን እንዲያጠጣ፣ ከዚያም ውኃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ከላይ ያለው ቀድሞ የመጠቀም መብት አለው፤ ውኃውን ይዞ የመቅረት መብት ግን የለውም።

እንግዲህ እኛ የት ነን? ለከተማው ታች ነን፤ ለአዋሽ ሰው ግን ላይ ነን። ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ መጠየቅ መብታችን ነው። የጋራዣችንን የተቃጠለ ዘይት፣ የቤታችንን ቆሻሻና የሞተ ከብት ወንዝ ውስጥ አለመጣል ደግሞ ግዴታችን ነው። ከላይ ባሉት ላይ የምናቀርበውን አቤቱታ ከታች ያለው ሰው በእኛ ላይ እንዳያቀርብ እንጠንቀቅ።