ሰዓት፣ ውጤትና ራዳር
ፕሌይስቴሽን 2 ከነቴሌቪዥኑ። ሶኒ፣ ጃፓን፤ ለገበያ የቀረበው በ2000 እ.ኤ.አ.። ጨዋታው፦ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6፣ 2006 እ.ኤ.አ.

ጀሞን፣ ለቡንና መካኒሳን በመሳሰሉ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የተጫወተ ሰው ይህን ስክሪን ያውቀዋል። ክፍያው በጨዋታ ሲሆን፣ ከላይ ጥግ ላይ የሚሮጠው ሰዓት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለተጫዋቹ የቀረውን ደቂቃ፣ ለቤቱ ጠባቂ ደግሞ ሒሳብ የሚቀበልበትን ጊዜ ይነግራል። ወረፋ የያዙትም ዓይናቸውን ከእሱ አይነቅሉም።

ውጤትን ከስክሪኑ አናት ላይ ማሳየት ቆየት ያለ ልማድ ነው፤ የጃፓኑ ጨዋታ ስፔስ ኢንቬደርስ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጓል። የፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ትልቁ ብልሃት ግን ታች መሐል ላይ ያለው ራዳር ነው። ካሜራው የማይደርስበትን የሜዳ ክፍል በባለቀለም ነጥቦች ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ አይቶት ረጅም ኳስ ይልካል።

ጆይስቲኩን ያንሡና ጎል አካባቢ ሲደርሱ የካሬ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ያለው መስመር የምቱን ኃይል እየለካ ይሞላል። እስከ ጫፍ ከሞላ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ይወጣል፤ ቀደም ብለው ይልቀቁት።