ፋሽኑ ያልፋል፣ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ይቀራል

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን እዚህ ካምፓላ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ ልብስ የሚያዞሩ እህቶችና ወንድሞች አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል፦ «መምህር፣ ቲክቶክ ላይ ካልወጣሁ ሥራዬ ይሞታል ወይ?» የቤት ኪራዩን ለቪዲዮ ሠሪ ሊከፍል የደረሰም አለ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ የምመልሰው በታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጠቀመን ልጀምር። ኬንያ ውስጥ የሞባይል ገንዘብ ሳይመጣ ሰዉ የስልክ ካርድ እየተላላከ እንደ ገንዘብ ይጠቀምበት ነበር። ከተማ ያለው ልጅ ካርድ ለቤተሰቡ ይልካል፤ ቤተሰብ ደግሞ ይሸጠዋል። ሳፋሪኮም በ2007 ኤምፔሳን ሲጀምር መንገዱ በሕዝቡ ተጠርጎ ነበር። ኡጋንዳ ውስጥም ኤምቲኤን በ2009 ሞባይል መኒን ጀመረ። ዛሬ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ሳትቀር በስልኳ ትቀበላለች። ነገሩ የቆየው አዲስ ስለነበረ አይደለም፤ ሰዉ ቀድሞም የሚያደርገውን ስላቀለለለት ነው።

አሁን ወደ ከዳን እንለፍ። ጉግል ፕላስ በ2011 በሆይ ሆይታ ተከፍቶ በ2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። ቫይን የሚባለው የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ በ2013 መጥቶ በ2017 ሄደ። ክለብሃውስንማ እኛም እናውቀዋለን፤ በ2021 ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከርበት የነበረው ቤት ብዙም ሳይቆይ ጭር አለ።

ሳይዘጋ ደንቡን የሚቀይርም አለ። ፌስቡክ በጃንዋሪ 2018 ከንግድ ገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ለዓመታት ተከታይ ያጠራቀመ ነጋዴ ለገዛ ተከታዮቹ ለመታየት መክፈል ግድ ሆነበት።

መንግሥትም በሩን ሊዘጋ ይችላል። በጁላይ 2018 ኡጋንዳ ማኅበራዊ ሚዲያ በሚጠቀም ሁሉ ላይ በቀን 200 ሺሊንግ ታክስ ጣለች፤ በወር 6,000 ማለት ነው። በጃንዋሪ 2021 በምርጫው ሰሞን ፌስቡክ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰው ይገባበት የነበረው በቪፒኤን ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ደግሞ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። እንዲህ ባለ ቀን የደንበኞቹን ቁጥር ደብተር ላይ የያዘ ይደውላል፤ ያልያዘ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይወጣል። ደንበኛዬ አሁን እዚያ አለ ወይ? ከጊዜዬና ከዳታዬ ስንት ይበላብኛል? ነገ ቢዘጋ ደንበኛዬን በምን አገኘዋለሁ?

ለእኛ ለስደተኞች አራተኛ አለ፦ ፊቴንና ሰፈሬን ማሳየት ያሰጋኛል ወይ? ከመካከላችን የሸሸው ሰው እንዳያገኘው የሚጠነቀቅ አለ። ሌላው ስለጨፈረ እሱም ሱቁ በር ላይ ይጨፍር ማለት አንችልም። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ፣ እጅ ሹሩባ ሲሠራ ማሳየት ይበቃል። ሥራው ራሱ ይናገር።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ ልስጥ። እንጀራ የምትሸጠው እህቴ፣ ደንበኞችሽ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ናቸው። በማታ «ነገ ትኩስ አለ» ብለሽ ዋትስአፕ ስታተስ ላይ ማድረግሽ ሌላ አገር ካለ ሺህ ተመልካች ይበልጥብሻል። የሀበሻ ቀሚስ ሰፍተህ ውጭ አገር ላሉ ወገኖች የምትልከው ወንድሜ ግን፣ ገዢህ ሩቅ ነውና ቲክቶክ ላንተ ይሆናል። ያም ሆኖ የወደደልህን ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ተቀበለው። ቲክቶክ በር ነው፤ ሱቁ ግን ደብተርህ ውስጥ ይሁን።

ኪራይ ለቪዲዮ አይከፈልም። ቪዲዮው ካልሠራ የሚያስወጣን አከራዩ ነው።

ሥራ ለሚጀምር ዘመዳችሁ አድርሱልኝ። ቸር ያሰማን!