የተቀበረው ዘርና የቀበሩት ሰዎች

የላስታ ሰው ስለ ትጋትና ስለ ጽናት ሲያወራ በቅድሚያ የሚያነሣው ቅዱስ ላሊበላን ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዚህ ንጉሥ ስም የሚጠሩት 11ዱ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት ይቀጥሉት እንደነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። የንጉሡን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ መሮ ይዘው ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። በዚህ የበዓል መጽሔት ላነሣቸው የወደድኩት እንደ እነዚያ ጠራቢዎች ስማቸው ያልተጻፈ ሌሎች ባለውለታዎቻችንን ነው። እነሱም ዘር ያቆዩልን ገበሬዎች ናቸው።

እንደሚታወቀው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ክፉኛ ሲመታ እህል አለቀ፣ በሬ ተሸጠ፣ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ዘመን ገበሬው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ የመጨረሻዋን ቁና ዘር ቆልቶ ለልጆቹ ማጉረስ፣ ወይም ዝናብ ይመጣል ብሎ ማቆየት። ዘሩን በበላ ሰው ላይ የሚፈርድ የለም። ሆኖም ገበሬው ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት ዘር በሸክላ ማሰሮ ወይም ከድንጋይ በተፈለፈለ ሙቀጫ ከትቶ፣ አፉን ደፍኖ፣ በጓሮው የመቅበር የቆየ ልማድ ነበረው። ከድርቅ በኋላ መሬቱ እንደገና የተዘራው እንዲህ ባለው ጥንቃቄ ጭምር ነው።

ይህ ዘር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቀድመው ከተረዱት አንዱ ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት ካየ በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ከየአገሩ የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ከተማ ተከማቸ። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 የጀርመን ጦር ከተማዋን ከብቦ ሕዝቡን በረሃብ ሲፈጅ፣ የክምችቱ ጠባቂዎች ሩዝና ስንዴ በሞላበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዘሩን አንነካም በማለታቸው በርካቶቹ በረሃብ አለቁ። ቫቪሎቭ ራሱም በገዛ መንግሥቱ ታስሮ በ1943 በእስር ቤት ሞተ። የእነሱ ታሪክ ተጽፎላቸዋል። የእኛ እናቶችና አባቶች ታሪክ ግን ከማሰሮው ጋር እንደተቀበረ ነው።

ከአገራችን ሰዎች ይህን ውለታ አውቀው ለዓለም ያስታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የእጽዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ከ1979 ጀምረው ሲመሩ፣ የገበሬው ዘር በድርቅ ምክንያት ጨርሶ እንዳይጠፋ ከየአካባቢው አሰባስበው አስቀመጡ። ቀጥለውም በወሎና በሸዋ ገበሬው ራሱ ዘሩን በማሳው ላይ እየመረጠና እያሻሻለ እንዲያቆይ የሚያግዝ ሥራ ጀመሩ። በ1989 ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። የአገራችን ገብስ ጥቅሙ ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ የተገኘው በሽታን የመቋቋም ባሕርይ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ በሽታ ታድጎታል።

እኔ ይህን ሁሉ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት እናት ጥቁር ገብሳቸውን ትተው ምርጥ ዘር ብቻ እንዲዘሩ ወተወትኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ያንተን አልናቅሁም፤ የኔን ግን አላጠፋም» ብለው ማሳቸውን እኩል ከፍለው ሁለቱንም ዘሩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣ። ምርጥ ዘሩ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ፤ ጥቁር ገብሱ ግን ጥቂትም ቢሆን ለጎተራ በቃ። አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ከዚያው ገብስ ቆሎ ቆልተው ቡና አፈሉልኝ። ኮሌጅ ያላስተማረኝን ያ ቀን አስተማረኝ።

ይህን ስል ምርጥ ዘር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ዝናቡ ሲያምርና ማዳበሪያው በወቅቱ ሲደርስ ምርቱ ከፍ ይላል፤ ይህን በማሳችሁ አይታችኋል። የላስታ ዝናብ ግን በየዓመቱ አያምርም። ስለዚህ አንዱን ለማምጣት ሌላውን መጣል አይገባንም።

ውድ የማኅበራችን አባላትና የወረዳችን አመራሮች፣ ይህን በዓል ስናከብር አንድ ነገር ልለምናችሁ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከመጋዘኑ ጥግ ላይ ለአካባቢ ዘር የሚሆን ቦታ ይለይ። ዘር ያጠረው አባል በቁና ተበድሮ ይውሰድ፤ ሲያጭድ ትንሽ ጨምሮ ይመልስ። ዘሩ በተቀመጠበት ዕቃ ላይም ዘሩን ያቆየው ገበሬ ስም ከነቀበሌው ይጻፍ። የዓለቱን ጠራቢዎች ስም ለመጻፍ አልደረስንም። ዘር ጠባቂዎቻችን ግን አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው፤ ሳያመልጡን እንድረስባቸው።

እንኳን ለበዓላችን አደረሳችሁ። መጪው ዘመን የተዘራው የሚበቅልበት፣ የበቀለው የሚታፈስበት ያድርግልን።