ባለ ብዙ ስለት ሰንጢ በአነስተኛ በጀት ሲገዛ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ በኪስ የሚያዝ ቢላዋ ነው። አርሶ አደሩ ገመድ ለመቁረጥ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦ ልባስ ለመላጥ፣ መንገደኛውም ፍራፍሬ ለመላጥና ቆርቆሮ ለመክፈት ይገለገልበታል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ባለመሆኑ በርካታ ሸማቾች ሳይመረምሩ ይገዙታል። ይሁን እንጂ ሞላው የደከመ ሰንጢ በሥራ ላይ ሳለ በድንገት ታጥፎ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል፣ የሚያስከትለው ጉዳት ከዋጋው በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ስለሆነም በጀቱ አነስተኛ የሆነ ሸማች ገንዘቡን ለስለት ብዛት ሳይሆን ለብረቱ፣ ለሞላውና ለመገጣጠሚያው ጥራት ማዋል ይኖርበታል።

የሰንጢው አሠራር

በተለመደው ሰንጢ ውስጥ ስለቱን ከፍቶም ሆነ ዘግቶ የሚይዘው በእጀታው ጀርባ የተዘረጋው ሞላ ነው። ሞላው የስለቱን ሥር በመጫን ያጸናዋል እንጂ አይቆልፈውም። በመሆኑም የሞላው ጥንካሬ የተጠቃሚው ዋና የደኅንነት ዋስትና ነው።

የመሣሪያ ብዛት የጥራት መለኪያ አለመሆኑን ታሪኩ ያሳያል። የስዊዘርላንድ ጦር ሠራዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለወታደሮቹ ያደለው የመጀመሪያው ሰንጢ አራት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩት፤ እነርሱም ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ናቸው። ካርል ኤልዘነር የተባለው ቢላዋ ሠሪ ይህንኑ ሰንጢ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠራዊቱ አቀረበ። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀለል ያለና ተጨማሪ መሣሪያዎች ያሉት የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ።

ከግዥ በፊት ፍላጎትን መለየት

ሸማቹ በቅድሚያ ሰንጢውን ለምን ሥራ እንደሚፈልገው መወሰን ይገባዋል።

• ለቤትና ለጉዞ፦ አንድ ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ ካቻቢቴ እና ወስፌ ያለው ሰንጢ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል።
• ለእርሻና ለከብት እርባታ፦ ሦስት ስለት ያለው ሰንጢ ይመረጣል። ሹል ጫፍ ያለው ስለት ለልዩ ልዩ ሥራ፣ ጫፉ ደፈን ያለና አፉ ቀጥ ያለው ስለት ገመድና ጆንያ ለመቁረጥ፣ አጭርና ጫፉ የደነዘው ስለት ደግሞ ከእንስሳት ጋር ለሚሠራ ሥራ የታሰቡ ናቸው።
• ለቢሮና ለቀላል ሥራ፦ ባለ ሁለት ስለት ትንሽ ሰንጢ በቂ ነው።

በተመሳሳይ ዋጋ ከሚቀርቡ ሁለት ሰንጢዎች መካከል አንዱ አራት፣ ሌላው አሥራ አምስት መሣሪያ ካለው፣ ብዙ መሣሪያ ያለው በብረቱ ወይም በአገጣጠሙ ላይ ወጪ የተቀነሰበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የስለቱ ብረት

የሰንጢ ስለት በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። የማይዝገው ብረት እርጥበትን የሚቋቋምና ጥገናው ቀላል ነው። የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይዝጋል፤ ሎሚና ቲማቲምን የመሰሉ ምግቦችም ያጠቁሩታል። በስለቱ ላይ «ኢኖክስ» ወይም «ሮስትፍራይ» የሚል ጽሑፍ ከታየ፣ የመጀመሪያው በፈረንሳይኛ፣ ሁለተኛው በጀርመንኛ የማይዝግ ማለት ነው። ሆኖም ጽሑፉ ብቻውን ብረቱ በሚገባ መጠንከሩን አያረጋግጥም።

ማግኔት የሚስበው ስለት ሁሉ ዛጊ ነው የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም። ለስለት የሚውለው ጠንካራ የማይዝግ ብረትም በማግኔት ይሳባል። በአንጻሩ ማግኔት ጨርሶ የማይስበው የብረት ስለት በሙቀት ሊጠነክር ከማይችል ብረት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይደንዛል።

በመደብር ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

1. እያንዳንዱን ስለት ሙሉ በሙሉ መክፈትና መዝጋት። ጤነኛ ሞላ ስለቱን በመጨረሻው ላይ ስቦ ጥርት ባለ ድምፅ ያስገባዋል፤ ልል የሆነ እንቅስቃሴ የደከመ ሞላ ምልክት ነው።
2. የተከፈተውን ስለት ከጀርባው ይዞ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ መወዝወዝ። ስለቱ በግልጽ ከተነቃነቀ የሚዞርበት ሚስማር በሚገባ አልጠበቀም።
3. ሰንጢውን ዘግቶ የስለቶቹን ጫፍ ማየት። ከእጀታው ወጥቶ የሚታይ ጫፍ ኪስ ይቀዳል፤ እጅም ያቆስላል።
4. ስለቶቹ ሲዘጉ እርስ በርስ ወይም ከእጀታው ግድግዳ ጋር አለመፋተጋቸውን ማረጋገጥ።
5. ሰንጢውን ወደ ብርሃን አቅንቶ በሞላውና በእጀታው መካከል ሰፊ ክፍተት አለመኖሩን፣ የአጥንት፣ የቀንድ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ልባሱም አለመሰንጠቁን መመልከት።
6. በዋናው ስለት ሥር የሠሪው ስም በግልጽ መታተሙን ማየት። የታወቀ ስም በተሳሳተ ፊደል ከተጻፈ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

ያገለገለ ሰንጢ ገንዘብ ለመቆጠብ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ከተራ ዝገትና ከደነዘ አፍ ይልቅ አሳሳቢው በብዙ መሳል የቀጠነ ስለት፣ የተሰነጠቀ ሞላና የላላ ሚስማር ነው። የደነዘ አፍ ይሳላል፤ የተሰበረ ሞላ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰንጢው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ሸማቹ ከበጀቱ ላይ ጥቂት ቀንሶ መሳያ ድንጋይ ቢገዛ በመጠኑ ርካሽ የሆነ ሰንጢም ለረጅም ጊዜ ያገለግለዋል።

የሸማቹ መብት

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዕቃውን አማርጦ በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ አይገደድም። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረውን ምርመራ ያደረገ ሸማች ሳይገዛ ቢሄድ ከመብቱ አላለፈም። በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘም ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ለዚህም ደረሰኝ መቀበልና መያዝ አስፈላጊ ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ አቤቱታውን በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።

አያያዝና ጥንቃቄ

ሰንጢ ከተጠቀሙበት በኋላ መጥረግና ማድረቅ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ማውጣትና አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይገባል። ምግብ የሚቆረጥበት ከሆነ ዘይቱ ለምግብ የማይጎዳ መሆን አለበት። ስለቱ እንደ መፈንቀያ ወይም እንደ መውጊያ ሊያገለግል አይገባም፤ ቁልፍ የሌለው ስለት በጫፉ ሲጫኑት ወደ ጣት ሊታጠፍ ይችላል። ሲዘጋም ጣቶችን ከአፉ መንገድ አርቆ ጀርባውን በሌላው እጅ መዳፍ መግፋት ተገቢ ነው።

ሰንጢ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። የአየር መንገደኞች በእጅ ሻንጣ ወይም በኪስ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊያደርጉት ይገባል። ፍተሻ ወዳለባቸው መሥሪያ ቤቶችና ሕዝባዊ መሰብሰቢያዎች የሚሄድ ሰውም ሰንጢውን በቤቱ ትቶ ቢወጣ ከመጉላላት ይድናል።