ስልክ ከሳሎን ወደ ኪስ

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። ድምፅ የሚጓዘው በቀጭን ሽቦ ስለነበር መሣሪያው በሽቦው ተጠራ። ዛሬ ሽቦ የሌለውን ዕቃ በኪሳችን ይዘን «ተንቀሳቃሽ ስልክ» ስንል፣ ቃል በቃል ቢተረጐም «ተንቀሳቃሽ ሽቦ» ማለታችን ነው። ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም ለታሪክ ተማሪ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ዕቃው ሲለወጥ ስሙ ወደ ኋላ ይቀራልና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቤት ስልክ በእጅ ስልክ እንዴት እንደተተካ ነው። ጉዳዩ የቅርብ ጊዜ በመሆኑ «ይህ ደግሞ ታሪክ ነው ወይ?» የሚሉ መምህራን አይጠፉም። ይሁን እንጂ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኙት ልጆች የተወለዱት የእጅ ስልክ ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ፣ የሚደወለው ለሰው ሳይሆን ለቤት የነበረበትን ዘመን አያውቁትም። የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅና መመዝገብ ይገባል። ታሪኩ ከአንድ አገር በላይ ስለሚነካ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ራስ መኰንን በ1889 ወደ ኢጣልያ ሄደው ሲመለሱ መሣሪያውን ይዘው እንደመጡ፣ በቤተ መንግሥትም ሲሞከር አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መሥመር ሥራው የተጀመረው በ1894 ሲሆን፣ የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ዕድሜም የሚቆጠረው ከዚሁ ዓመት ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። ያ ስልክ የማንም ቤት ስልክ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ከአገረ ገዥዎቹ ጋር የሚነጋገርበት የመንግሥት መሣሪያ ነበር። ተራው ሰው ያየው ምሰሶውንና ሽቦውን ብቻ ነው።

ስልክ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1951 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1952ም አገልግሎቱን በራሱ አስተዳደር የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጧል፤ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም እስከተባለበትና ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ግን «ቴሌ» ከማለት አልተመለሰም። ስልክ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ባለሥልጣን፣ ነጋዴና የተሻለ ገቢ ያለው ሠራተኛ ቤት ቀስ በቀስ ገባ። መሥመር የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ አስገብቶ ዓመታት ሊጠብቅ ይችል ነበር። በሰፈሩ ያለው የሽቦ መሥመር ከሞላ ገንዘብ ያለውም ቢሆን መጠበቅ ግዴታው ነበር።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1982 ናይሮቢ ላይ ባደረገው ጉባኤ አንድ ኮሚሽን እንዲቋቋም ወሰነ። በሰር ዶናልድ ሜትላንድ የተመራው ይኸው ኮሚሽን በ1984 ባጠናቀቀው ሪፖርት ያሰፈረው አንድ ዐረፍተ ነገር እስካሁን ይጠቀሳል፤ በቶኪዮ ከተማ ያለው የስልክ ብዛት በመላው አፍሪካ ካለው ይበልጣል የሚል ነው። ኮሚሽኑ የተመኘው እያንዳንዱ ቤት ስልክ እንዲኖረው ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰው ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል በቅርቡ ስልክ እንዲያገኝ ነበር። ሽቦ እየጎተቱ ይህን ማድረግ ስንት ገንዘብና ስንት ዘመን እንደሚፈጅ የሪፖርቱ ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንግባ። የቤት ስልክ ዘወትር የሚቀመጠው በአንድ ጥግ፣ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ዳንቴል ለብሶ ነበር። በመደወያው ክብ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ የሚያንጠለጥሉ አባወራዎች ነበሩ፤ መቀበል ይቻላል፣ መደወል ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም ማለት ነው። ልጆች ደግሞ መላ አላጡም። የማረፊያውን ቁልፍ በቁጥሩ ልክ ቶሎ ቶሎ በመጫን ይደውሉ ነበር። ይህ ተንኰል ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ነው፤ የሚሽከረከረው መደወያ የሚሠራው የኤሌክትሪኩን ዑደት በቁጥሩ ልክ እየቆረጠ ስለሆነ፣ ልጆቹ በጣታቸው የሚያደርጉት ያንኑ ነበር። የፊዚክስ መምህራን ቢጠቀሙበት አይከፋም።

ስልክ የነበረው ቤት ስልኩ የሱ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ ቁጥሩን ለዘመዱ ይሰጣል። «እባካችሁ እገሊትን ጥሩልኝ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሼ እደውላለሁ» ሲባል የቤቱ ልጅ በሩጫ ይላካል። የተጠራችው ጎረቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ትመጣለች፤ ቤተሰቡም እየሰማ ምስጢሯን ሳሎን ቆማ ትናገራለች። ሰው ስልክ ሲያነሣ «ሀሎ፣ ማን ልበል?» ይል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማን እንደደወለ ማወቂያ የለም፣ ደዋዩም ማን እንደሚያነሣለት አያውቅም። ስለዚህ ወጣቱ ለወዳጁ ሲደውል እናት ወይም አባት ቢያነሡ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ «ክፍለ ሀገር የደወለው ማነው?» የሚል ክርክር ይነሣል። ባጭሩ ስልኩ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው፣ የሚሰማውና የሚቆጣጠረው ዕቃ ነበር። ይህን ስንል ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም። ቁጥጥሩ በልጆችና በሴቶች ላይ ይከብድ እንደነበር፣ ስልክ የሌለው ጎረቤትም ደጅ መጥናቱ እንደሚያሳፍረው መርሳት አይገባም።

የእጅ ስልክ ታሪክ ሌላ ቦታ ይጀምራል። የሞቶሮላ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ያደረገው ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ነበር። ወደኛ ለመድረስ 26 ዓመት ፈጀበት፤ በአዲስ አበባ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1999 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲም ካርድ ማግኘት ብርቅ፣ መሣሪያውም የባለጸጋ ምልክት ነበር። በ2006 መንግሥት ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ ኩባንያው በሚሰጠው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር የመረቡ ማስፋፋት ተጀመረ። የእጅ ስልክ ደንበኞች ቁጥር የሽቦ ስልክ ደንበኞችን የበለጠው በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው።

በጎረቤቶቻችን ነገሩ እንደየአገሩ ሁኔታ ሄዷል። በኬንያ ሳፋሪኮምና ኬንሴል ከ2000 ጀምሮ ሲወዳደሩ የእጅ ስልክ የሽቦውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ አለፈው። ኤርትራ አገልግሎቱን የጀመረችው በ2004 ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሶማሊያ ነው። በ1991 መንግሥት ሲፈርስ የመንግሥቱ የስልክ አገልግሎትም አብሮ ፈረሰ፤ የግል ኩባንያዎች ግን ማማ አቁመው ለሕዝቡ ስልክ አዳረሱ። ሽቦ መቅበር ለረዥም ጊዜ ጸጥታ የሚፈልግ ሥራ ሲሆን ማማ ግን በአጥርና በዘበኛ ሊጠበቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ተማሪዎች «የእጅ ስልክ የቤት ስልክን ተካ» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነውን? በዩናይትድ ስቴትስ እውነት ነው። እዚያ የሽቦ ስልክ በሁሉም ቤት ማለት ይቻላል ገብቶ ነበር፤ በ2016 ሁለተኛ አጋማሽ ግን የእጅ ስልክ ብቻ ያላቸው ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በለጡ። በኢትዮጵያ ግን የሽቦ ስልክ መሥመር ወደ አንድ ሚሊዮን ከመጠጋት ብዙም ርቆ ሳይሄድ የእጅ ስልክ ደንበኛ በአሥር ሚሊዮኖች ተቈጠረ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ማለት ለአብዛኛው ቤት የእጅ ስልክ ማንንም አልተካም፤ የመጀመሪያው ስልክ እሱ ነው። የተካው የከተማውን ጥቂት ቤት ስልክ ነው። በገጠር የተካው ሌላ ነገር ነው፤ መልእክተኛውን፣ በአውቶቡስ ረዳት የሚላከውን ደብዳቤ፣ ለገበያ ዋጋ ሲባል የሚደረገውን የግማሽ ቀን መንገድ ተካ። መምህራን ይህን ልዩነት በክፍል ውስጥ ቢያስረዱ መልካም ነው፤ አንዱን ታሪክ በሌላው አገር ልክ መስፋት የተለመደ ስሕተት ነውና።

የሽቦው ስልክ ይዞት የሄደው ጥቅምም አለ። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በራሱ ሽቦ ከማዞሪያ ጣቢያው የ48 ቮልት ባትሪ ስለሆነ፣ በሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራ ነበር። የእጅ ስልክ ግን ባትሪው ካለቀ አለቀ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ሰው ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ በገበያ ቀን ከተማ ወርዶ ለባለሱቁ መክፈል የተለመደ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ግን የመርዶ ነገር ነው። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ ከሐዘንተኛው ቤት ድረስ ሄደው ነው። የቤት ስልክ ይህን ወግ አላፈረሰውም ነበር። በዋሽንግተን ወይም በሮም የሚኖር ሰው አባቱ ሲሞት፣ ከአገር ቤት የሚደወለው ለሱ ሳይሆን እዚያው ከተማ ላለ ወዳጁ ነው፤ ወዳጁም ሌሎችን ሰብስቦ በማለዳ በሩን ያንኳኳል። ስልኩ ለቤት እንጂ ለሰው ስላልነበረ መካከል የሚገባ ሰው ሁልጊዜ ነበር። ዛሬ መካከለኛ የለም። ሰው በሥራ ገበታው ላይ፣ መኪና እየነዳ፣ ፈተና ሊገባ ሲል፣ ከኪሱ በወጣ አንድ መልእክት እናቱን ያጣል። አንዳንዱም የሟቹን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ተለጥፎ በማየት ይረዳል። ይህን ኪሳራ እንደ ቀላል ልማድ ለውጥ መቍጠር አይቻልም ብለን እናምናለን። ተማሪዎቻችን ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት በሚውሉበት ጊዜ፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ በክፍል ውስጥ ብቻውን መርዶውን ሊያነብ ይችላል፤ ትምህርት ቤቶች በዚህ ጉዳይ ከወላጆች ጋር አስቀድመው ሊመካከሩ ይገባል።

«ማን ልበል?»ም ቀርቶ በምትኩ «የት ነህ?» መጥቷል። የደወለው ማን እንደሆነ ስሙ ይታያል፤ የማይታወቀው ሰውየው ያለበት ቦታ ነው። ቁጥሩም ከቤት ወደ ሰው ከተሻገረ በኋላ የገንዘብ ቦርሳ ሆነ፤ ኤም ፔሳ በኬንያ በ2007፣ ዛድ በሶማሊላንድ በ2009፣ ቴሌብር በኢትዮጵያ በ2021 ተጀመሩ። በሳሎን ስልክ ገንዘብ መላክ የሚታሰብ አልነበረም።

ሽቦው ግን ጨርሶ አልጠፋም። በከተማ ብዙ ቤት የስልክ መሥመሩን ያላስነቀለው ለኢንተርኔት ሲል ነው። የቁጥሩን ባለቤት ብትጠይቁት ቁጥሩን በቃሉ ላያውቀው ይችላል።

ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ሐሳብ እንጨምር። የአዲስ አበባ የስልክ ቁጥሮች እስከ 2005 ድረስ ስድስት አኃዝ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት መስከረም የቁጥር አሰጣጡ ሲለወጥ ሰባት ሆኑና 011 የሚለው መለያ ተጨመረባቸው። ስለዚህ ተማሪዎች በአሮጌ የሱቅ ሰሌዳ፣ በደረሰኝ ወይም በሠርግ መጥሪያ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው የአዲስ አበባ ቁጥር ቢያገኙ፣ ቀኑ ባይጻፍበትም ጽሑፉ ከ2005 በፊት የተዘጋጀ መሆኑን መገመት ይችላሉ። የድሮ የስልክ ማውጫ ያለው ሰውም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ትልቅ ውለታ ነው። ማውጫው እንደ ፈረንጆቹ በቤተሰብ ስም ሳይሆን በራስ ስም ፊደል ተራ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በየዘመኑ ለልጆች ይወጣ የነበረውን ስም ከየገጹ መቍጠር ይቻላል።