ከወንፊት በፊት፦ ዳቦ፣ እርሾና የአንጀት ጤና

በኢማም አል-ቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ስለ ምግብ በሚናገረው ክፍል፣ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ አጭር ዘገባ አለ። አቡ ሓዚም የተባሉት ታቢዒይ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተነፋ ነጭ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ይበሉ እንደነበር ሰህል ኢብኑ ሰዕድን (ረ.ዐ) ይጠይቋቸዋል። ሰህልም መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ከተላኩበት ጊዜ አንስቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እንዲህ ያለውን ዱቄት በዓይናቸው እንኳ እንዳላዩ ይመልሳሉ። ስለ ወንፊት ሲጠየቁም እርሱም በዚያ ዘመን እንዳልነበረ ያስረዳሉ። ታዲያ ገብሱን ሳትነፉት እንዴት ትበሉት ነበር? መልሱ ቀላል ነው፤ ይፈጩታል፣ በትንፋሻቸው እፍ ይሉበታል፣ ገለባው በኖ ይሄዳል፣ የቀረውን በውኃ ለውሰው ይበሉታል።

ጥያቄው ራሱ ታሪክ ነው። አቡ ሓዚም የኋለኛው ትውልድ ሰው ናቸውና ገብስ ሳይነፋ መበላቱ አስገርሟቸዋል። ከሰሐባ ወደ ታቢዒን በተሸጋገረ አንድ ትውልድ ዕድሜ ወንፊት የማይታጣ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ዘገባ ይዘው «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበት ያኔ ተነግሮ ነበር» ለማለት የሚቸኩሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘገባው የሚነግረን ስለ ኑሮ ጥበትና ስለ ቀላል አኗኗር ነው፤ ሰህል (ረ.ዐ) ስለ አንጀት አንዳችም አልተናገሩም። ሆኖም ሰው እህልን ከነገለፈቱ ይበላበት የነበረውን ዘመን ከኖሩበት ሰው አንደበት የምንሰማበት በመሆኑ ለታሪክ ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

የገብስ ነገር ከተነሣ ተልቢናን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰብ ሰው ሲሞትና ለቀስተኛው ሲበተን፣ በቤት ለቀሩት የቅርብ ዘመዶች ያሠሩት የነበረ ቀጭን አጥሚት ነው። ስሙ «ለበን» ማለትም ወተት ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ በንጣቱና በቅጥነቱ ወተት ስለሚመስል የተሰጠው ነው። ኢብኑል ቀይም ይህ አጥሚት ከገብስ ዱቄት ከነገለፈቱ የሚሠራ መሆኑን ጽፈዋል። በሐዘን ደክሞ እህል አልወርድለት ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይቀርብለታል?

በዐባሲዮች ዘመን ባግዳድ ግን ዳቦ በማዕረግ ተከፋፍሎ እናገኘዋለን። ነጩና የተነፋው «ሑዋራ»፣ ጥቁሩና ያልተነፋው «ኹሽካር» ይባል ነበር። ሑዋራው የባለጸጋ ማዕድ ጌጥ፣ ኹሽካሩ የድኻ ቀለብ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ከግሪኮች በወረሱት ትምህርት መሠረት ነጩ ዳቦ ይበልጥ እንደሚመግብ፣ ኹሽካሩ ግን ሆድን እንደሚያለሰልስና ቶሎ እንደሚወርድ ያስተምሩ ነበር። አስተያየታቸው በመሠረቱ ስሕተት አልነበረበትም። የጎደለው ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ ብቻ ነው፤ እርሱም ከ900 ዓመታት በላይ ቆየ።

በድንጋይ ወፍጮ ዘመን ነጭ ዱቄት ውድ ስለነበር ብዙኃኑ ሕዝብ ወደደም ጠላም አሰር ያለው እህል ይበላ ነበር። ይህን የለወጠው ብረት ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ1870ዎቹ ጀምሮ በቡዳፔስትና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የብረት ጥቅል ወፍጮ የስንዴውን ገለፈትና ጽንስ በርካሽ ለይቶ ማውጣት ቻለ። ነጭ ዳቦ የሁሉም ሆነ። ገለፈቱ ወደ ከብት በረት ሄደ። እኛም ዘንድ ይኸው ነው፤ ስሙን ሳይቀር ከጣልያንኛ የወሰድንለት ፉርኖ ለልጆቻችን ሲቀርብ፣ ፉርሽካው ለላሟ ይደረጋል። ላሟ የተሻለውን ድርሻ ሳትወስድ አልቀረችም።

የጎደለውን መልስ ፍለጋ የተጀመረው በከፊል በጦር መርከብ ላይ ነው። ፒተር ክሊቭ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድርቀት ለሚሠቃዩ መርከበኞች የስንዴ ፉርሽካ ይሰጣቸው ነበር። በኋላም በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የብዙ በሽታዎች ሥር የተጣራ ስኳርና የተጣራ ዱቄት ነው ብሎ ተከራከረ። ባልደረቦቹ እንደ ቀልድ ቆጠሩት።

ቀልድ አድርጎ ያልቆጠረው ዴኒስ በርኪት ነው። በርኪት በ1911 በአየርላንድ የተወለደ፣ በልጅነቱ በድንጋይ ተመትቶ አንድ ዓይኑን ያጣ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ለዓመታት ሠርቷል። በ1958 በአፍሪካ ሕጻናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ ገልጾ በመጻፉ በሽታው በስሙ ተጠርቷል። የበሽታውን ስርጭት ለማወቅም በ1961 በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየዞረ ጠየቀ። ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ የክሊቭን ሐሳብ ሲሰማ፣ ይህ በየገጠሩ ሆስፒታል የዘረጋው የወዳጅነት መረብ ለአዲሱ ጥያቄ ጠቀመው። በየወሩ መጠይቅ እየላከ፣ ስንት የትርፍ አንጀት፣ ስንት የሐሞት ጠጠር፣ ስንት የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳዩ ያሰባስብ ጀመር። መልሱ በአብዛኛው «አላየንም ማለት ይቻላል» የሚል ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ ለ30 ዓመት ያህል በኬንያና በዩጋንዳ የሠራው ሂዩ ትራዌልም ይህንኑ አስተውሎ በ1960 መጽሐፍ ጽፎበታል።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ጨዋ ሰው በማዕድ ዙሪያ የማያወራው ቢሆንም ልንጠቅሰው ግድ ነው። በርኪትና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በራጅ የሚታዩ ጥቃቅን እንክብሎችን ሰዎች እንዲውጡ አድርገው ምግብ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ለኩ፤ ዓይነ ምድርም መዘኑ። ውጤቱ በ1972 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ማቶኬ፣ ስኳር ድንችና ባቄላ ነክ ጥራጥሬ በሚበላው የዩጋንዳ ገጠሬ ሆድ ምግብ የሚቆየው አንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ነጭ ዳቦ በሚበላው እንግሊዛዊ ሆድ ከሦስት ቀን በላይ ይቆያል። የገጠሬው ዓይነ ምድር ክብደትም ከእንግሊዛዊው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

ዝናው ለበርኪት ቢሆንም ማስረጃውን የሰጡት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የዩጋንዳ ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። በርኪትም አንዳንዴ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። የገጠሩ ሰው ከለንደኑ የሚለየው በአሰር ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ሥጋ የሚበላው ከስንት አንዴ ነው፣ ካንሰር እስከሚይዝበት ዕድሜ የማይደርሰውም ብዙ ነው። በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የስንዴ ፉርሽካን እንደ መድኃኒት ጨምሮ መብላት የትልቁ አንጀት እብጠቶች ተመልሰው እንዳይመጡ እንዳላገደ አሳይቷል። ነገሩ ከአንድ ማንኪያ ፉርሽካ ይልቅ የማዕዱ ጠቅላላ መልክ ነው።

ይህን በሚገባ ያሳየው በ2015 የታተመው የልውውጥ ጥናት ነው። በፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። የአሜሪካውያኑ የቀን አሰር ከ14 ግራም ወደ 55 ከፍ ሲል፣ የአፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ወረደ። በ14 ቀን ውስጥ የአሜሪካውያኑ አንጀት ቁጣ በረደ፤ የአፍሪካውያኑ ደግሞ ባሰበት። ምክንያቱ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው። እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር እነርሱ አብላልተው ቡቲሬት የሚባለውን አሲድ ያወጣሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳትም የሚመገቡት በዋናነት እርሱን ነው። አሰር የማይበላ ሰው እንግዶቹን ጦም ያሳድራል።

ስለ ተሕዋስያን ካነሣን ወደ እርጎና ወደ እርሾ እንለፍ። «ዮጉርት» የሚለው ቃል የቱርክ ሲሆን፣ ማሕሙድ አል-ካሽጋሪ በ11ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጁት የቱርክ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። አውሮጳ በሰፊው ያወቀችው ግን በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ በነበረው በኤሊ ሜችኒኮፍ አማካይነት ነው። በ1905 ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ወጣት በጄኔቫ የአገሩን እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ አገኘ። ሜችኒኮፍ እርጅና የሚመጣው በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚበሰብስ ነገር በሚወጣ መርዝ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ የእርጎው ባክቴሪያ መድኃኒቱ እንደሆነ በ1907 ጻፈ። ሐሳቡ እንደ እሳት ተዛመተ። አርበትኖት ሌን የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪምማ የሰዎችን ትልቁን አንጀት ቆርጦ እስከ ማውጣት ደረሰ! ሜችኒኮፍ በ1908 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማቱ ግን ስለ እርጎ ሳይሆን ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ ላደረገው ምርምር ነው። በ1916 በ71 ዓመቱ ሞተ። የቡልጋሪያው ባክቴሪያም በሰው አንጀት ውስጥ ቤት ሠርቶ እንደማይቀመጥ በ1920ዎቹ ታወቀ። መንገደኛ ነው፤ ስለዚህም ጥቅሙ የሚገኘው ዘወትር ሲበላ ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች በዚህ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። የሚብላላ ነገር ሁሉ እርጎ አይሆንም፤ የሚያሰክርም ይሆናል። በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ በውኃ ይዘፈዘፍላቸው ነበር፤ ያን ዕለት፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን እስከ ምሽት ይጠጡታል፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ኮምጣጤን ግን ማባያ አድርገው አወድሰውታል። ወይን ጠጅ በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ቢሆን እንደሚፈቀድ ዑለማዎች ተስማምተዋል፤ ሰው ሆን ብሎ ቢለውጠውስ በሚለው ላይ ሐነፊዮች ሲፈቅዱ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች አልፈቀዱም። የእኛ እናቶች ይህን ወሰን በጣታቸው ያውቁታል። ብርዙ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ቀሪቦው ለዒድና ለሠርግ ሲጠመቅ ቀኑ ይቆጠርለታል፤ ብዙ ከቆየ ጠባዩን ይለውጣልና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ብዙ ሀብት እናገኛለን። የእንጀራው እርሾ፣ በጉራጌና በስልጤ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው ቆጮ፣ እርጎው፣ በሱማሌ ቆላ የሚጠጣው የኮመጠጠ የግመል ወተት፣ አዋዜውና ዳጣው ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። እርግጥ ምጣዱ ላይ የእንጀራው ተሕዋስያን ይሞታሉ። ነገር ግን ከመሞታቸው በፊት ሊጡ ውስጥ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ቀንሰውታል። ጤፉም የሚፈጨው ከነገለፈቱ ነው። እርጎውና ጥሬው ዳጣ ግን ሕያዋኑን ይዘው ይደርሳሉ። በ2021 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለ10 ሳምንት አንዱን ወገን አሰር የበዛበት፣ ሌላውን የተብላላ ምግብ አበላ። የተብላላውን የበሉት የአንጀታቸው ተሕዋስያን ዓይነት በዛ፤ የሰውነት ቁጣን የሚያመለክቱ 19 ፕሮቲኖችም በደማቸው ውስጥ ቀነሱ። አሰር የበሉት ወገን በዚያ አጭር ጊዜ የተሕዋስያናቸው ዓይነት ሲጨምር አልታየም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲበላ ይመክራል። በረመዷን ብዙ ቤተሰብ ድርቀት የሚያጠቃው ኢፍጣሩ በፉርኖ ሳምቡሳና በጣፋጭ ስለሚሞላ፣ ውኃውም ስለሚያንስ ነው። ሾርባውን በገብስ ክክ ወይም በአጃ መሥራት፣ ምስር መጨመር፣ ተምሩን አለማስቀረት ይረዳል። አሰሩን ግን ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል፤ ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ይነፋል። እርጎ የሚያረጋ ቤተሰብም ጥሬ ወተት ሐኪሞች ብሩሴሎሲስ የሚሉትን በሽታ እንደሚያስተላልፍ ይወቅ። ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት፣ ጣት እስኪችለው ማቀዝቀዝ፣ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ በጨርቅ መጠቅለል ነው። ከተራዊሕ በፊት የተቀመጠው ለሱሑር ይደርሳል።